የማስተማር ዓላማና የመማር ውጤት በሥነ ጽሑፍ ትምህርት፤ ከዲላና ከጌዴኦ ዞን አንጻር

1. መግቢያ

በአገራችን ትምህርት ቤቶች የዕለት ትምህርት ዕቅድ «ከዚህ ትምህርት በኋላ ተማሪዎች» በሚል ሐረግ ይጀምራል። ከሐረጉ ቀጥሎ «ይዘረዝራሉ»፣ «ይገልጻሉ»፣ «ይረዳሉ»፣ «ያደንቃሉ» የሚሉ ግሦች ይደረደራሉ። የዩኒቨርሲቲ የኮርስ መግለጫም የሚጻፈው ከዚህ ብዙም ባልራቀ መንገድ ነው። ልማዱ ሥር የሰደደ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ግሦቹ የሚጻፉት ቅጹ ስለሚጠይቅ እንጂ በክፍል ውስጥ የሚሆነውን ስለሚወስኑ አይደለም። ዕቅዱ ይፈረምበታል፤ መምህሩ ክፍል ገብቶ እንደ ወትሮው ያስተምራል፤ ፈተናው ደግሞ ከዕቅዱም ከትምህርቱም ጋር ሳይገናኝ ሊወጣ ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የማስተማር ዓላማና የመማር ውጤት የተባሉትን ጽንሰ ሐሳቦች ምንነትና ልዩነት ማብራራት፣ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ውስጥ እንዴት ሊሠራባቸው እንደሚገባም ማሳየት ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከዲላና ከጌዴኦ ዞን የተወሰዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው የዲላ የመምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ በ2000 በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሥር ከተጠቃለለ በኋላ በ2006 ራሱን ችሎ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ተቋሙ ከመነሻው ስሙ የመምህራን ስም በመሆኑ፣ እዚህ ስለ ዓላማና ውጤት የሚነሣ ጥያቄ ነገ በአካባቢው ትምህርት ቤቶች ስለሚቆሙት መምህራንና ከፊታቸው ስለሚቀመጡት ሕፃናት የሚነሣ ጥያቄ ነው።

በጽሑፉ የሚሞገተው ነጥብ አንድ ነው። መጽሐፉ ሳይከፈት ሊሟላ የሚችል ዓላማ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ዋና ዓላማ ሊሆን አይገባውም።

2. የጽንሰ ሐሳቦቹ ምንነትና ልዩነት

የማስተማር ዓላማ የሚባለው መምህሩ ወይም የሥርዓተ ትምህርቱ አዘጋጅ ትምህርቱ ከመሰጠቱ በፊት ሊደረስበት ይገባል ብሎ የሚያስቀምጠው ሐሳብ ነው። የመማር ውጤት ደግሞ ትምህርቱ ከተሰጠ በኋላ ተማሪው ያወቀው፣ ሊሠራው የቻለው ወይም አመለካከቱ ያደረገው ነገር ነው። ልዩነታቸው በሦስት ነጥቦች ሊታይ ይችላል። አንደኛ፣ ዓላማው የመምህሩ ሲሆን ውጤቱ የተማሪው ነው። ሁለተኛ፣ ዓላማው ይቀድማል፤ ውጤቱ ይከተላል። ሦስተኛ፣ ዓላማን ለማወቅ ዕቅዱን ማንበብ ይበቃል፤ ውጤትን ለማወቅ ግን ተማሪው የሠራውን ማየት የግድ ነው።

በመርሐ ትምህርት ላይ «የሚጠበቅ የመማር ውጤት» ተብሎ የሚጻፈው በሁለቱ መካከል ይገኛል። ገና ያልሆነ ነገር በመሆኑ ዓላማን ይመስላል፤ የሚናገረው ግን መምህሩ ስለሚያደርገው ሳይሆን ተማሪው ስለሚያሳየው ስለሆነ ወደ ውጤት ያዘነብላል። ሦስት አገላለጾችን እናወዳድር። «የልብ ወለድ አላባውያንን ማስተማር» የሚለው የመምህሩን ሥራ ይናገራል። «ተማሪዎች የልብ ወለድ አላባውያንን ምንነት እንዲገነዘቡ ማድረግ» የሚለው ዓላማ ነው። «ተማሪው ከዚህ በፊት ባላነበበው አጭር ልብ ወለድ ውስጥ የትረካ አንጻር የተለወጠበትን ቦታ ለይቶ ለውጡ ያስከተለውን ያብራራል» የሚለው ግን የሚጠበቅ ውጤት ነው። ይህን የመጨረሻውን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ማየት ይቻላል፤ የቀደሙትን ሁለቱን ግን ማየት አይቻልም።

የቋንቋችን ሰዋስው ራሱ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚለን ነገር አለ። «አስተማረ» የሚለው ግሥ «ተማረ» ከሚለው የተመሠረተ አስደራጊ ግሥ ነው። በቅርጹ ከሄድን «አስተማረ» ማለት «እንዲማር አደረገ» ማለት ይሆናል። ስለዚህ «አስተማርኳቸው፤ እነሱ ግን አልተማሩም» የሚለው አነጋገር «አበላኋቸው፤ እነሱ ግን አልበሉም» የሚለውን ያህል ሊያስገርመን በተገባ ነበር። ዳሩ ግን አያስገርመንም። «አስተማረ» ክፍል ገብቶ መናገርን ብቻ እንዲያመለክት ለምደነዋልና። የመማር ውጤት የተባለው ጽንሰ ሐሳብ ግሡን ወደ ጥንተ ቅርጹ ይመልሰዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

3. የሐሳቡ አመጣጥ በአጭሩ

ዓላማን የሥርዓተ ትምህርት መነሻ ያደረገው አሜሪካዊው ራልፍ ታይለር ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፉ ካነሣቸው አራት መሠረታዊ ጥያቄዎች የመጀመሪያው ትምህርት ቤቱ ሊደርስበት የሚሻው ዓላማ ምንድን ነው የሚል ነበር። በ1956 ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ የአእምሮ ተግባራትን ማወቅ፣ መገንዘብ፣ መተግበር፣ መተንተን፣ ማዋሐድና መገምገም በሚሉ ስድስት እርከኖች ከፋፈሏቸው። በ1964 ደግሞ የስሜትና የአመለካከት መስክ ምደባ ታተመ። በ2001 በአንደርሰንና በክራትዎል አማካይነት ምደባው ሲከለስ እርከኖቹ በግሥ መልክ ተሰየሙ፤ «መፍጠር» የሚለውም የላይኛውን ቦታ ያዘ።

ሮበርት ሜገር በ1962 ባወጣው መጽሐፍ አንድ ዝርዝር ዓላማ ሦስት ነገሮችን ሊይዝ እንደሚገባው አመልክቷል። እነዚህም ተማሪው የሚፈጽመው ተግባር፣ ተግባሩ የሚፈጸምበት ሁኔታና በቂ መሆኑ የሚታወቅበት መስፈርት ናቸው። ይህ አቀራረብ ለሙያ ሥልጠና በእጅጉ ጠቅሟል። የኪነ ጥበብ መምህሩ ኤሊየት አይዝነር ግን በ1960ዎቹ መጨረሻ ተቃውሞ አቀረበ። በኪነ ጥበብ ትምህርት ውስጥ ተማሪው ምን እንደሚያገኝ አስቀድሞ መወሰን የማይቻልበት፣ ቢቻልም የማይገባበት ሁኔታ አለ አለ። ለዚህም መምህሩ የሚያመቻቸው ገጠመኙን እንጂ ግኝቱን ያልሆነበትን ሌላ ዓይነት ዓላማ ሐሳብ አቀረበ። የሚያስደንቀው አይዝነር ራሱ ቆይቶ ይህን «ዓላማ» ማለቱን ትቶ «ውጤት» ብሎ መጥራቱ ነው፤ አስቀድሞ ካልተወሰነ ዓላማ ሊባል አይችልምና። እንግሊዛዊው ሎረንስ ስቴንሃውስም በ1975 ተመሳሳይ ሙግት አቅርቧል። ጆን ቢግስ በ1996 ያብራራው ሐሳብ ደግሞ የሚጠበቀው ውጤት፣ የክፍሉ ሥራና ምዘናው እርስ በርስ ሊጣጣሙ ይገባል የሚል ነው።

4. የቅኔ ቤት አብነት

ነገሩ ሁሉ ከውጭ የመጣ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የአገራችን የቅኔ ትምህርት ቤት ውጤትን በግልጽ በማስቀመጥ ረገድ ከማንም የሚያንስ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ በየደረጃው እያለፈ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ይወጣል። ደረጃውን ማለፉ የሚታወቀው ስለ ጉባኤ ቃና ምንነት በመናገሩ ሳይሆን ጉባኤ ቃና በመቀኘቱ ነው። የሌላውን ቅኔ ደግሞ ማቅረብ አይበቃውም፤ የራሱ የሆነ አዲስ ቅኔ ይጠበቅበታል። መምህሩና ጓደኞቹ ይሰሙታል፤ ቤቱ ቢሰበር፣ ምሥጢሩ ቢጎድል እዚያው ይታረማል። ተግባር፣ ሁኔታና መስፈርት ሳይጻፉ በሥራ ላይ አሉ ማለት ነው።

ከዚህ የምናገኘው ሌላም ትምህርት አለ። በብሉም ምደባ ልማዳዊ አጠቃቀም ተማሪው መጀመሪያ ያስታውሳል፣ ቀጥሎ ይረዳል፣ መፍጠር የሚደርሰው በመጨረሻ ነው። በቅኔ ቤት ግን ተማሪው ግሥና አገባብ እያጠና ሳለ ገና በመጀመሪያው ደረጃ መፍጠር ይጀምራል። ከደረጃ ደረጃ የሚያድገው የሥራው ስፋትና ክብደት እንጂ ዓይነቱ አይደለም። ስለዚህ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ትርጓሜ ሊያጠና እንጂ ሊተነትን ወይም ሊጽፍ አይችልም የሚለው አስተሳሰብ በእኛው ልማድ እንኳ ድጋፍ የለውም።

5. «መረዳት» እና «ማድነቅ»

በሥነ ጽሑፍ ኮርሶች ዓላማ ውስጥ አዘውትረው የሚገኙ ሁለት ግሦች «መረዳት» እና «ማድነቅ» ናቸው። ሁለቱም ክቡር ነገሮችን ያመለክታሉ፤ ሁለቱም ግን አይታዩም። አማርኛ «ገባኝ» ሲል ነገሩን ባለቤት፣ ሰውየውን ደግሞ ተቀባይ ያደርገዋል። የገባው ነገር መግባቱን ከባለቤቱ በቀር የሚያውቅ የለም። መምህሩ «ገባችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ» ይላል፤ ከዚህ መልስ የሚገኝ ማስረጃ ግን የለም።

«ማድነቅ» ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። «ተማሪዎች የልብ ወለዱን ውበት ያደንቃሉ» ተብሎ በዕቅድ ከተጻፈ ተማሪው ያላደነቀውን እንዲያመሰግን መገደድ ይከተላል። መልስ ወረቀቶች «ደራሲው እጅግ ድንቅ በሆነ መንገድ» በሚሉ ሐረጎች የሚሞሉት በዚህ ምክንያት ነው። በማስረጃ የተደገፈ ነቀፌታ ከባዶ ውዳሴ የበለጠ የንባብ ምልክት ነው።

ግሡን በሚታይ ግሥ መተካት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። «የፍቅር እስከ መቃብርን ዋና ዋና ገጸ ባሕርያት ይዘረዝራል» የሚለው ይታያል፣ ይለካልም። ነገር ግን በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ይህን የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ ጨርሶ ያላነበበ ተማሪ በአንድ ገጽ ሀንድአውት በዛብህን፣ ሰብለ ወንጌልን፣ ፊታውራሪ መሸሻንና ጉዱ ካሣን ዘርዝሮ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የተተረከውን ከሌላ ሰው የሰማም እንዲሁ። ተማሪው ይህን የመሰሉ ዓላማዎችን ብቻ እያሟላ ቢመረቅ የሥነ ጽሑፍ ምሩቅ ሆኖ ሥነ ጽሑፍ ያላነበበ ሰው እናገኛለን። እርሱም በተራው ያላነበበውን ያስተምራል። በመግቢያው የተነሣው መለኪያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

6. ተማሪው የሚነሣበት ቦታ

ውጤት የሚለካው ከመነሻ ነው። ዲላ ዩኒቨርሲቲ እንደ ሌሎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎችን ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች ይቀበላል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ አማርኛ አፍ መፍቻው የሆነና አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የተማረ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በጌዴኦ ዞን ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ሕፃናት በጌዴኡፋ መማር ጀምረዋል። ጌዴኡፋ ከሲዳምኛ፣ ከሀዲይኛና ከከምባትኛ ጋር በምሥራቅ ደጋ ኩሻዊ ቋንቋዎች የሚመደብ ሲሆን የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው።

ይህ ለሥነ ጽሑፍ መምህሩ ምን ማለት እንደሆነ አንድ ነጥብ ብቻ እናንሣ። የላቲኑ አጻጻፍ የሚጠብቀውን ድምፅ ፊደል ደርቦ ያሳያል፤ የቋንቋው ስም ራሱ ሲጻፍ በመጨረሻው ክፍለ ቃል ላይ ድርብ ፊደል አለበት። የአማርኛ ጽሕፈት ግን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ «እስካሁን» ማለት ነው። «ዋና» ሲጠብቅ አቢይ፣ ሲላላ ውኃ መቅዘፍ ነው። «አለ» ሲጠብቅ መኖርን፣ ሲላላ መናገርን ያመለክታል። አማርኛ አፍ መፍቻው የሆነ ልጅ እነዚህን በጆሮው ይለያቸዋል። ማንበብን ድርብ ፊደል በሚያሳይ ጽሕፈት የጀመረ ልጅ ግን ከገጹ ላይ የሚፈልገውን ምልክት አያገኝም። የአማርኛ ሰምና ወርቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ኅብረ ቃሉ ጠብቆ አንድ፣ ላልቶ ሌላ ፍቺ ይሰጣል። እንግዲህ ተማሪው ወርቁን ሳያገኝ ሲቀር የጎደለው የማሰብ ችሎታ ሳይሆን ማንም በግልጽ ያላስተማረው የንባብ ክህሎት ሊሆን ይችላል። «ግጥምን ይረዳል» የሚለው ዓላማ ይህን ይሸፍነዋል፤ በዝርዝር የተጻፈ ውጤት ግን ያወጣዋል።

በሌላ በኩል ተማሪው ባዶ እጁን አይመጣም። የጌዴኦ ሽማግሌዎች በሶንጎ ሲሰበሰቡ የሚደረገውን ንግግር የሚያውቅ ወጣት ሥልጣን ያለው ሰው በምን ዓይነት ቃል እንደሚናገር፣ ሌላው እንዴት ተዘዋውሮ እንደሚቃወም ያውቃል። ይህ ዕውቀት የጎጃሙን ፊታውራሪ ንግግር ለመተንተን የሚያገለግል መነሻ ነው። ስለት ምን እንደሆነ፣ ዳዊት መድገም ምን ማለት እንደሆነ ግን ማብራሪያ ሊያስፈልገው ይችላል።

7. ሦስት ዓይነት ዓላማ፣ ሦስት ዓይነት ውጤት

ከላይ ከተባለው በመነሣት ለሥነ ጽሑፍ ኮርስ ሦስት ዓይነት አገላለጽ ይበጃል።

ሀ. ቁርጥ ያለ ዓላማ። ትክክሉና ስሕተቱ ተለይቶ ለሚታወቅ ክህሎት የሜገር አጻጻፍ ይስማማል። ለምሳሌ፦ «ተማሪው ከዚህ በፊት ያላየው ባለ ስምንት ስንኝ ግጥም ሲሰጠው ጠብቀውም ላልተውም ሊነበቡ የሚችሉትን ቃላት ለይቶ ያሠምርባቸዋል፤ ግጥሙንም በሁለቱም መንገድ ጮክ ብሎ ያነባል፤ የፍቺውን ልዩነት በአንድ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይገልጻል።» ተግባሩ፣ ሁኔታውና መስፈርቱ ተሟልተዋል። ግጥሙ አዲስ ስለሆነም ከሀንድአውት ሊቀዳ አይችልም።

ለ. በሥራ የሚገለጽ ዓላማ። ትንተናና ሂስ አንድ ትክክለኛ መልስ የላቸውም፤ ጥሩ ሥራ ግን ከደካማው ይለያል። ለምሳሌ፦ «ተማሪው ፊታውራሪ መሸሻ የሚናገሩበትን አንድ ትዕይንት መርጦ ተራኪው አንባቢውን በእሳቸው ላይ እንዲስቅ ወይም እንዲፈራቸው የሚያደርገው በምን በምን ቃል እንደሆነ በሁለት ገጽ ያሳያል።» እዚህ ላይ የሚወሰነው መልሱ ሳይሆን መስፈርቱ ነው። ተማሪው ከመጽሐፉ ቃል በቃል ጠቅሷል ወይ? የጠቀሰውን ከሐሳቡ ጋር አያይዟል ወይ? ከእርሱ የተለየ ንባብ ሊኖር እንደሚችል አስቧል ወይ? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ሥራው ከመሰጠቱ በፊት ለተማሪው ቢነገሩት የሚጠበቅበትን ዐውቆ ይሠራል፤ መምህሩም በአድልዎ አይጠረጠርም።

ሐ. ክፍት ዓላማ። ይህ የአይዝነርን ሐሳብ የሚከተል ነው፤ ሥነ ቃል ለዚህ ሰፊ ሜዳ ይሆናል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። የተመዘገበው ትክል ድንጋዩ ብቻ ሳይሆን እንሰቱ፣ ቡናውና የአገር በቀል ዛፉ ተደጋግፈው የሚኖሩበት የአኗኗር ጥበብ ነው። ከዚህ አኗኗር ጋር የሚሄደው ቃል ግን በአብዛኛው ያለው በሰዎች አንደበት ነው። እንግዲህ፦ «ተማሪው ከሚያውቃቸው አዛውንቶች አንድ ተረት በፈቃዳቸው ይቀዳል፤ በተነገረበት ቋንቋ ይጽፈዋል፤ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ በመመለስ የቀረበትንም ይጽፋል።» ምን እንደሚቀር መምህሩ አስቀድሞ አያውቅም፤ ጌዴኡፋ የማያውቅ ከሆነ ጭራሽ ሊያውቅ አይችልም። በዚህ ሥራ ላይ ከወናጎ ወይም ከይርጋ ጨፌ የመጣው ተማሪ አዋቂ፣ መምህሩ ደግሞ ጠያቂ ይሆናል። ከሌላ አካባቢ የመጣው ተማሪም በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይሠራዋል። መነሻ ቋንቋው አማርኛ የሆነ ተማሪ የአካባቢውን አነጋገር ጽፎ ከመደበኛው አማርኛ ጋር ሊያነጻጽር ይችላል።

ሦስቱ ዓይነቶች በአንድ ኮርስ ውስጥ ይኑሩ እንጂ አንዱ በሌላው ቦታ አይግባ። ክፍት የሆነውን ቁርጥ አድርጎ መጻፍ ግኝቱን ይገድለዋል፤ ቁርጥ ያለውን ክፍት አድርጎ መተውም ክህሎቱ የጎደለውን ተማሪ ከነጉድለቱ ማሳለፍ ይሆናል።

8. ከምዘና ጋር ያለው ግንኙነት

ተማሪ የሚያጠናው በኮርስ መግለጫው የተጻፈውን ሳይሆን የሚፈተነውን ነው። ዓላማው «ይተነትናል» ብሎ ፈተናው «ደራሲው ማን ነው?» ካለ እውነተኛው ዓላማ ሁለተኛው ሆነ ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የሚወስዱት አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና በአማራጭ ጥያቄዎች የሚቀርብ ሲሆን ለማለፍ ቢያንስ 50 ከመቶ ማግኘት ይጠይቃል። የአማራጭ ጥያቄ የግድ ትዝታን ብቻ ይፈትናል ማለት አይደለም፤ አዲስ ምንባብ ሰጥቶ የትኛው ትርጓሜ በምንባቡ እንደሚደገፍ ሊጠይቅ ይችላል። ይሁንና ተማሪው የራሱን ንባብ ገንብቶ በጽሑፍ የመከላከል፣ ቃል የመሰብሰብና የመተርጎም ችሎታውን አያሳይም። እነዚህን ሊመዝን የሚችለው የክፍሉ መምህር ብቻ ነው። የኮርሱ ተከታታይ ምዘናም ወደ አማራጭ ጥያቄ ከዞረ እነዚህ ውጤቶች በአገሪቱ ውስጥ ጠያቂ አያገኙም።

እርግጥ ነው፣ ተማሪ በበዛበት ክፍል ሁለት ሁለት ገጽ ማረም ከባድ ነው። ሥራውን አሳጥሮ አንድ አንቀጽ ማድረግ፣ በሦስቱ መስፈርቶች ብቻ ማረም፣ ተማሪዎች አስቀድመው እርስ በርስ እንዲተራረሙ ማድረግ ሸክሙን ያቀለዋል። በተማሪው እጅ የተጻፈ አንድ አንቀጽ ከሃያ የክብ ምልክት የበለጠ ስለ ንባቡ ይናገራል።

9. ማጠቃለያ

የማስተማር ዓላማ የመምህሩ ሐሳብ ነው፤ የመማር ውጤት ተማሪው በሥራው የሚያሳየው ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በጥንቃቄ የተጻፈ የሚጠበቅ ውጤትና ከእርሱ ጋር የተጣጣመ ምዘና ነው። በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ውስጥ ግን መታየቱና መለካቱ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ የኮርስ መግለጫ የሚያዘጋጅ መምህር በእያንዳንዱ ዓላማ ላይ ሦስት ጥያቄዎችን ቢያነሣ ይጠቀማል። ይህን ዓላማ መጽሐፉን ሳይከፍት ሊያሟላ የሚችል ተማሪ አለ ወይ? ተማሪው ከየት እንደሚነሣ አውቃለሁ ወይ? መሟላቱን የሚያሳየኝ ሥራ የትኛው ነው?

ከዲላ ተመርቆ በቡሌ ወይም በኮቾሬ አንድ ክፍል ፊት የሚቆም መምህር አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት ለሚማሩ ልጆች ግጥም ያነብላቸዋል። «ገና» የሚለውን ቃል በሁለት መንገድ አንብቦ ልዩነቱን እንዲያገኙት ካደረገ አስተምሯል፤ በግሡ ሙሉ ትርጉም። የግጥምን ዓይነቶች አስጽፎ ከወጣ ግን ዕቅዱ ተፈርሞበት ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹ ግን ግጥም ገና አላገኙም።